እንደ ዋዛ

ተቀመጡማ፤ ቡናው ገና አቦሉ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ባለ ሁለት ፊደል ቃል ነው፤ ዋዛ ስለምትባለው። ቃሏን ሁላችንም እናውቃታለን። ሳናስበው በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ከአፋችን ትወጣለች። እኔ ምን ማለት እንደሆነች የገባኝ ግን ሐይቅ ከተማ፣ አያቴ ቤት፣ እንዲህ እንደዛሬው ቡና ተፈልቶ ሳለ ነው።

ሐይቅን ለማታውቁ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ የሚያገኛት ከተማ ናት፤ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ። ስሟን የሰጣት ውሃ ከቤታችን በእግር ይደረስበታል። ያን ቀን አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጎረቤታችን ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ሴቶቹ ከእኛ ቤት ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እኛ ይመላለሳሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። አያቴ ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ዕጣን አጭሳ ቡና አቀረበችና ዱዓ እንዲያደርጉላት የሰፈራችንን ሸህ አስጠራች። አያቴ ማተብ ያሰረች ክርስቲያን ነበረች። ይህ ለወሎ ሰው ማብራሪያ የሚፈልግ ነገር ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

ሸሁ መዳፋቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ። እሳቸው አንድ ባሉ ቁጥር ቤቱ ሙሉ «አሚን» ይላል። እኔና የአክስቴ ልጅ ከበሩ ጥግ ተቀምጠናል። በመካከል ላይ ዓይን ለዓይን ተጋጨንና ጨዋታ ጀመርን፤ አሚንን ማን ቀድሞ ይላል፣ ማን አስረዝሞ ይጎትታል። አንዴ እሱ ያሸንፋል፣ አንዴ እኔ። ኋላ ሳቁ መጣ። አፋችንን በጋቢ ጠርዝ አፍነን ትከሻችን እስኪንቀጠቀጥ ሳቅን።

አያቴ ያን ጊዜ ምንም አላለችንም። ሸሁ ቡናቸውን ጠጥተው፣ መርቀው እስኪወጡ ጠበቀች። ከዚያ ጠራችንና እንዲህ አለች፦ «ፌዝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የሚያፌዝ ሰው የሚያፌዝበትን ሰው አይቶ ነው። እናንተ ሸሁንም አላያችሁ፣ ማዶ የምታምጠዋንም አላያችሁ። ይኸ ዋዛ ነው።»

አልገረፈችንም፤ ቁጣም አልጨመረችበትም። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ ካደግሁም በኋላ ደጋግሜ አውጥቼ አይቼዋለሁ። ባየሁት ቁጥር አያቴ ትክክል እንደነበረች ይገለጥልኛል።

እስቲ ጎረቤቶቹን ቃላት እንጥራቸው። ፌዝ ዒላማ አለው፤ አንድ ሰው ላይ ይወረወራል። ስላቅ ከፌዝ ይጠልቃል፤ ንቀት አለበት። ለበጣ ጥርሱን እያሳየ ልቡን የሚደብቅ ነው። ሹፈትን የዛሬ ልጆች ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ቧልት የሥራ ፈት ነው፤ ዝም ብሎ ይንጫጫል፤ ብዙ ጊዜ ማንንም ሳይጎዳ ደክሞት ያልፋል። እነዚህ ሁሉ ከአፍ የሚወጡ ናቸው። ዋዛ ግን አፍ ሳይከፈትም ይፈጸማል። ዋዛ ክብደት ያለውን ነገር ቀላል አድርጎ ማለፍ ነው፤ ሳቁ የዚያ ምልክት ነው እንጂ ራሱ አይደለም።

ማስረጃዬ እኛው የምንናገረው ነው። «ሰውዬው የዋዛ አይደለም» ስንል ቀልድ አያውቅም ማለታችን አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ የሚያስቅ ሊሆን ይችላል። ክብደት አለው፣ አቅልለህ ብታየው ትጎዳለህ ማለታችን ነው። «ነገሩን እንደ ዋዛ ተመለከተው» ስንል ሰውዬው ሳቀ አላልንም፤ ልቡን አልሰጠውም ነው ያልነው። ግሸን ማርያም ያለችበትን፣ እዚያው ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ የሚገኘውን የመስቀል ቅርጽ ያለውን አምባ የወጣ ሰው «በዋዛ አይወጣም» ይላችኋል። ለመስከረም 21 በዓል ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ ያን ገደል ሲወጣ አይታችሁ ከሆነ ቃሉ እንዴት እንደሚገጥም ታውቃላችሁ። አምባው የሰሎሞናውያን ነገሥታት ልጆች ታስረው የኖሩበት መሆኑን ስታስቡ ደግሞ «በዋዛ አይወጣም» ሁለት ፍቺ ያገኛል፤ አንዱ ለሚወጣው፣ ሌላው እዚያ ለነበረው።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚነካው ግን ሌላ ነው። «እንደ ዋዛ ወጥቶ ቀረ» እንላለን። ልጁ ነጠላ ጫማውን አድርጎ፣ «መጣሁ» ብሎ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ፤ አልተመለሰም። እናት ለለቀስተኛ ስትናገር «እንደ ዋዛ ወጣ እኮ» ትላለች። ምን ማለቷ ነው? ያ መውጣት የመጨረሻው መሆኑን ማንም አላወቀም፤ ቀና ብላ አላየችውም፣ አልሳመችውም። ያን ቅጽበት የሚገባውን ክብደት አልሰጠችውም ብላ ራሷን ትወቅሳለች። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሳቅ የለም፣ ቀልድ የለም። ቃሉ ግን ያው ዋዛ ነው። የአያቴም ነገር ይኸው ነበር። እኔና የአክስቴ ልጅ የሸሁን ዱዓ እንደ ዋዛ አሳለፍነው።

ዋዛ ብቻዋንም አትሄድም፤ ፈዛዛ የሚባል ጓደኛ አላት። ዋዛ ፈዛዛ እንላለን። ፈዛዛ ለብቻው የደበዘዘ፣ ያልነቃ ማለት ነው፤ ጋዙ ያለቀበት ፋኖስ ይፈዛል፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ይፈዛል። ሁለቱን ቃላት ያጋባቸው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ እጁን እስም ነበር። ማስተዋል ሲደክም የሚመጣ ሳቅ ምን እንደሚመስል በሁለት ቃል ጨርሶታል።

ያን ዕለት ማታ አያቴ እሳት ዳር አስቀምጣ የሐይቁን ታሪክ ነገረችን። አገሬው ሁሉ የሚያውቀው አፈ ታሪክ ነው። ጥንት እዚያ ውሃ አልነበረም፤ ሜዳ ነበር ይባላል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች፤ አንዲት ልዕልት ግፍ ሠራችባት። ፈጣሪ ተቆጣና በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው። ልዕልቲቱ ከዘመዶቿና ከወዳጆቿ ጋር ሰጠመች። ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ቀረች፤ ደሴት ሆነች። በኋላ ያቺ ደሴት ከየብስ ጋር ተያይዛ ባሕረ ገብ ሆነች፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለባት እሷ ናት።

ልጅ ሆኜ የጠየቅሁት ጥያቄ አሁንም ያስጨንቀኛል። ልዕልቲቱስ በደለች እንበል፤ ወዳጆቿ ምን አደረጉ? አያቴ ዝም ብላ እሳቱን ቆሰቆሰችና «አብረው ነበሩ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። እኔ ከዚያ ወዲህ የወዳጆቿን ጨዋታ በዓይነ ልቦናዬ አየዋለሁ። ጥላ ሥር የተቀመጡ ሰዎች አሉ፤ ብርሌ ይዟዟራል፤ ከፊታቸው አንዲት ሴት ሆዷን ይዛ ትለምናለች፤ እነሱ አንዳቸው የሌላቸውን ወግ እየሰሙ ይስቃሉ። ከመካከላቸው ሴትዮዋን የሚጠላት የለም። ዞር ብሎ ያያትም የለም። በ23 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የተኛውን፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚያልፈውን ያን ሰማያዊ ውሃ ባየሁ ቁጥር ከሥሩ የሚታየኝ የእነዚያ ወዳጆች ጨዋታ ነው።

ገዳሙን ካነሳን አይቀር፣ የዋዛ ተቃራኒ የሆነ ማዕረግ የወጣው ከዚያ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው ሐይቅን የትምህርትና የመጽሐፍ ቤት አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈው፣ ዘመናቸው ተለይቶ ከሚታወቁት ባለ ሥዕል የብራና መጻሕፍታችን እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት ይቆጠራል። የሐይቅ አበምኔት ደግሞ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ ይጠራ ነበር፤ በዘርዐ ያዕቆብና በበእደ ማርያም ዘመን ከንጉሡ አጠገብ ከነበሩት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ዐቃቤ ሰዓቱ ነበር። ማዕረጉን ቃል በቃል ፍቱት፤ ሰዓት ጠባቂ። ለእያንዳንዱ ሰዓት ተገቢውን የሚሰጥ ሰው። የጸሎቱ ሰዓት ለጸሎት፣ የችሎቱ ለችሎት፣ የማዕዱ ለማዕድ። አያቴ ሴት ስለሆነች የወንዶቹን ገዳም ደጅ ተሻግራ አታውቅም፤ ከማዶ ሆና ነበር የምትሳለመው። ሰዓት መጠበቅን ግን ከብዙዎች በላይ ታውቅበት ነበር። ዱዓው ሲያበቃ፣ ሸሁ ሲሸኙ፣ በረካው ሲጠጣ ያን ሁሉ ጠብቃ ነው ለእኛ የሚገባንን ቃል የተናገረችን።

ቡናው ቶና ደረሰ መሰለኝ። እስቲ ከሐይቅ ትንሽ ራቅ እንበል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ በምዕራፍ 5 ቁጥር 4፣ ለምእመናን የማይገቡ ንግግሮችን ይዘረዝራል፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ከእነዚያ አንዱን «ዋዛ» ብሎ ተርጉሞታል። የግሪኩ ቃል ኤውትራፔሊያ ነው። የሚገርመው ይህ ነው፦ ከጳውሎስ አራት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ያንኑ ቃል ከምግባረ ሠናይ ቆጥሮታል። በእሱ ዘንድ ኤውትራፔሊያ ያለው ሰው በሁለት ጥፋተኞች መካከል የቆመ ነው፤ አንደኛው ወገን ምንም ነገር የማያስቀው ድርቅ ያለ ሰው፣ ሌላው ለሳቅ ሲል ምንም የማይምር ቀልደኛ። አንድ ቃል፣ አንዱ ጋ በጎነት፣ አንዱ ጋ ነውር።

እኛ ዘንድ ይህ ጥል የለም፤ ምክንያቱም አማርኛ ከአንዱ ሥር ሁለት ነገር አብቅሏል። ዋዛ አለ፤ ማዋዛት አለ። «ቁም ነገሩን በጨዋታ አዋዝቶ ነገራቸው»፣ «ንግግሩ የተዋዛ ነው» ስንል ምስጋና ነው። የሚያዋዛ ሰው ከባዱን ነገር ይዞ ይመጣል፤ አይጥለውም፣ አያሳንሰውም፤ ሰሚው እንዲሸከመው ብቻ ያለሰልስለታል። ዋዘኛው ግን ከባዱን ነገር መሬት ጥሎት ይሄዳል። ጆሮዬ አዋዜን ከዚህ አጠገብ ማስቀመጥ ይወዳል፤ ሥጋው ያው ሥጋ ነው፣ አዋዜው እንዲበላ ያደርገዋል።

ማዋዛትን ማየት የፈለገ አዝማሪ ይመልከት። አምባሰል ስሙን ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን ለአንዱ ያበደረ አገር ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺሆዬ፣ አምባሰል። እነ ማሪቱ ለገሰ በዚህ ቅኝት ሲያንጎራጉሩ የሰማ ሰው ቀልድ ከዚህ ዜማ ጋር ይቀመጣል ብሎ ላያስብ ይችላል። ግን በአምባሰል ሠርግ ቤት የተቀመጠ ያውቃል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ አማቱን ይነካል፣ ሚዜውን ይነካል፣ ስስታሙን አጎት ይነካል፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ግን ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚያደርግ ልብ በሉ። ዓይኑን በድንኳኑ ውስጥ ያዞራል። ከል የለበሰች ካለች ያያታል። የተጣሉ ወንድማማቾች ተለያይተው ተቀምጠው ከሆነ ያያል። በዚህ ዓመት ልጁን የቀበረ ሰው ካለ ጠይቆ ያውቃል። ስለዚህ ለዚያች ከል ለለበሰችው ሲደርስ ሰሙ ቀልድ፣ ወርቁ ማጽናኛ የሆነ ነገር ይሰጣታል፤ እሷም እያለቀሰች ትስቃለች። ይህን ያህል ሰው ያየ ሰው ዋዘኛ ሊባል አይችልም። እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው ጠንቃቃ ሰዎች መካከል ሁለቱ አዝማሪዎች ናቸው።

ሸሁም ካደግሁ በኋላ ስለዚህ አጫውተውኛል። ነቢዩ ሙሐመድ ይቀልዱ ነበር፣ ሲቀልዱም ከእውነት አይወጡም ነበር ብለው ከሐዲስ አንድ ታሪክ ነገሩኝ። አንዲት አሮጊት ገነት እንድትገባ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀቻቸው። አሮጊት ገነት አይገባም አሏት። ደንግጣ ስታለቅስ፣ አላህ ወጣት አድርጎ ነው የሚያስገባት ብለው አስነገሯት። ሸሁ ይህን ሲነግሩኝ ራሳቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ይስቁ ነበር። እሳቸው በሚመሩት ወዳጃ፣ በጋራው ዱዓ ላይ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ መንዙማው እየተባለ፣ መካከል ላይ ሰው ሲስቅ አይቻለሁ፤ ማንም ዋዛ አላለውም። የመጣበትን ጉዳይ የረሳ ሰው ስላልነበረ ነው።

ስለ ቃል ክብደት የሚነገር ነገር ካለ ደግሞ የአምባሰልን ያህል ምስክር የለም። ውጫሌ አምባሰል ውስጥ ናት። ከከተማዋ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣልያኑ መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በጣልያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ የጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ምኒልክ በቀጥታ ሲጽፉ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ነገሩን ገለጠው። በ1885 ውሉን ሰረዙ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ተቋጨ። የጣልያኖቹ ሥራ ተንኮል እንጂ ዋዛ አልነበረም። ግን በውጫሌ ገበያ መካከል ስሄድ ሁልጊዜ የማስበው አንድ ነገር አለ፤ አንዲት ቃል እንደ ዋዛ ብትታለፍ ኖሮ አገር አብራ ታልፍ ነበር።

ከዚህ በኋላ የማወራው ይከብደኛል። ቢሆንም ስለ ዋዛ አውርቶ ወሎ ላይ ይህን አለማንሳት ራሱ ዋዛ ይሆንብኛል።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተራበ። ሰው ከቆላው፣ ከየገጠሩ እየወጣ ከደሴ ወደ ሰሜን በሚሄደው ዋና መንገድ ዳር ተሰለፈ፤ አውቶብስ እያስቆመ የሚለምን ገበሬ ነበር። ያ መንገድ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በመርሳ የሚያልፈው የእኛው መንገድ ነው። አያቴ ታስታውሰው ነበር። «መጀመሪያ ሰው መሸ ብሎ ማደሪያ የሚጠይቅ ይመስል ነበር» ትል ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። መንግሥት ረሃቡን ወሬው እንዳይወጣ ሸፋፍኖ ያዘው፤ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 1964፣ የንጉሠ ነገሥቱ 80ኛ ዓመት የልደት በዓል በድምቀት ተከብሮ ነበር። ጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየና ዓለም አወቀ። ደርግ ያንን ፊልም በቤተ መንግሥቱ ግብዣ ሥዕሎች እያፈራረቀ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ለሕዝብ አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ።

ደርግ ፊልሙን ለራሱ ጉዳይ እንደተጠቀመበት አውቃለሁ፤ ከዓመታት በኋላ እሱም የ1977ቱ ረሃብ እየከፋ ሳለ፣ መስከረም 1977፣ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አክብሯል። ስለዚህ ይህ የአንድ ሥርዓት ነውር አይደለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ከእነዚያ ግብዣ ላይ ከነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ ወሎን የሚጠሉ አልነበሩም። ብርጭቆ ያነሱት፣ የሳቁት በተራበ ሰው ላይ አልነበረም። አያቴ እንዳለችው፣ ፌዝ ቢሆን ይሻል ነበር። የሚያፌዝ ቢያንስ አይቶ ነው። ሐይቅ ሥር ያሉት የልዕልቲቱ ወዳጆች የሚታዩኝ ያኔ ነው፤ በጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ዙሪያ።

ዋዛው ከረሃቡ በኋላም ዕድሜ አገኘ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን በማደሪያ ክፍላችን የመጀመሪያው ማታ ሁላችንም ከየት እንደመጣን ተነጋገርን። ከወሎ ነኝ ስል አንዱ ስለ ስንዴ እርዳታ አንድ ነገር ተናገረ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ በኋላ አራት ዓመት አንድ ትሪ ላይ አብረን በልተናል። የዚያን ማታ ግን አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አያቴ መንገድ ዳር ያየቻቸውን ሰዎች አሰብኩ፤ እሷ ስታወራቸው ድምፅዋ እንዴት ዝቅ እንደሚል አሰብኩ። ልጁ የተናገረው ነገር ለእሱ ከሬዲዮ የሰማው ቃል ነበር፤ ለእኔ ደግሞ በደጃችን ያለፈ ሰው። ያን ልዩነት የሚይዝ ቃል ስፈልግ ከዋዛ ሌላ አላገኘሁም። ልጁንም አልጠላሁትም፤ ቃሉ እንድጠላው አልጠየቀኝም። ከዓመት በኋላ ስለ አያቴ ነገርኩት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «አላየሁም ነበር» አለኝ። ይህን መልስ ከይቅርታ አስበልጬ ነው የማስበው።

ለዚህ ነው ቃሉ እንዲጠፋ የማልፈልገው። አሁን አሁን ሁሉንም ቀልድ ወይም ሹፈት እያልን ነው። በስልክ የተቀረጸ የሰው ሐዘን፣ የሰው ውድቀት፣ የተፈናቃይ ሰልፍ በሙዚቃ ታጅቦ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ «ሹፈት ነው» ካልነው የላከው ልጅ «ማንንም አልሰደብኩም» ይለናል፤ እውነቱን ነው። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት በውጫሌና በሐይቅ ሲያልፍ፣ ዘመዶቼ የት እንዳሉ ሳላውቅ ስልክ ስደውል፣ በአዲስ አበባ ካፌ አጠገቤ የነበረ ጠረጴዛ የከተሞቹን ስም እየጠራ ቤት ይመታ ነበር። ልጆቹን ፌዘኞች ብላቸው በደልኳቸው። ዋዛ ብላቸው ግን ቃሉ ልክ ይገጥማቸዋል፤ ዞር ብለው እንዲያዩም በር ይከፍትላቸዋል። አያቴ ለእኛ የከፈተችልን ያንኑ በር ነው።

ጎረቤታችን ታምጥ የነበረበት ያን ሌሊት ምን እንደሆነ ሳልነግራችሁ። ሊነጋ ሲል ከማዶ እልልታ ሰማን። አያቴ ቀድማ ነቅታ ነበር ወይም ጭራሽ አልተኛችም። እኔና የአክስቴ ልጅ በጨለማ ውስጥ እልልታውን በጣታችን ቆጠርነው። ሴት ናት። አያቴ ነጠላዋን ተከናንባ ለገንፎው ዱቄት ይዛ ወጣች። ስትወጣ ወደ እኛ ዘወር ብላ «አሚን በሉ» አለች። አሚን አልን፤ አልጎተትነውም።

አያቴ ያረፈችው እኔ ከአዲስ አበባ ለዓመት በዓል ልሄድ በማስብበት ሰሞን ነው። በሰልስቱ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የእኛ አገር ለቅሶ እንደምታውቁት መጀመሪያው ቀን እንባ ነው፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ደግሞ ሰው ሐዘንተኛውን ቀስ እያለ ወደ ወግ ያመጣዋል፤ የሟችን ደግነት ያነሳል፣ የተናገረችውን ያስታውሳል። ጉዳዩ ስሱ ነው፤ ቶሎ ቢመጣ ዋዛ፣ ቢዘገይ ሐዘንተኛውን ብቻውን መተው። የአክስቴ ልጅ ዓይኑ አብጦ ከአጠገቤ ተቀምጧል። ሸሁ ቀደም ብለው አልፈዋል፤ ልጃቸው ግን ከፊታችን ነበር።

ድንገት የአክስቴ ልጅ «አሚኑን ታስታውሳለህ?» አለኝ፤ ለእኔ ብሎ ነው፣ ግን ሰው ሰማው። ምንድን ነው አሉ። ሁለታችንም ወደ ሸሁ ልጅ አየን። እሱ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ «ንገሩ እንጂ» አለ። ነገርን። የጋቢውን ጠርዝ፣ ውድድሩን፣ አሚን እንዴት እንደተጎተተ፣ አያቴ እንዴት እንደጠበቀችን፣ ምን እንዳለችን። መጀመሪያ የሳቀው የሸሁ ልጅ ነው፤ ያባቱን ሳቅ ነው የሳቀው። ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ ሳቀ፤ እናቴ ለሦስት ቀን ከደፋችው ነጠላ ቀና ብላ ሳቀች፣ ከሳቁም ጋር እንባዋ ወረደ።

ቡናውን የምትቀዳው ያን ሌሊት የተወለደችው ልጅ ነበረች። አድጋ፣ ወልዳ፣ ልጇን አዝላ ነው የመጣችው። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስትሰማ ጀበናውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በረካው ሲቀዳ የሸሁ ልጅ እንዳባቱ መዳፉን ዘረጋ። ለሟች፣ ለልጆቿ፣ ለአራስ፣ ለነፍሰ ጡር፣ በመንገድ ላይ ላለ መረቀ።

የአክስቴ ልጅና እኔ ተያየን። አሚን አልን።